ቤት ሲታደስ እንግዳ የት ይደር?

በደብረ ታቦር ደጋ፣ በጣና ደሴቶችና በባሕር ማዶ የደሴት ሆቴሎች መካከል የተደረገ ማነጻጸሪያ

1. የጥያቄው መነሻ

ቤት የሠራ ሰው ቤቱን ማደሱ አይቀርም፤ ቤት ያለው ሰውም እንግዳ መቀበሉ አይቀርም። ሁለቱ በየጊዜያቸው ሲመጡ የሚያስቸግር ነገር የለባቸውም። በአንድ ሳምንት የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ለእንግዳው ምን ማድረግ ይገባዋል? እንግዳውስ ከባለቤቱ ምን ሊጠይቅ ይችላል? ጥያቄው ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በገንዘብ ስለሚገዛ ማደሪያና ያለ ገንዘብ ስለሚሰጥ ማደሪያ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘሁት ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ለማስረዳት ተነሣሁ።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር በቤተ ሰባችን የደረሰ ነገር ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ለብዙ ዘመን በባሕር ማዶ ኖረው ለጥምቀት በዓል ወደ አገራቸው መጡ። በመጀመሪያ በጣና ዳር በሚገኝ አንድ ትልቅ የመዝናኛ ሆቴል፣ ሰው በተለምዶ ሪዞርት በሚለው፣ አራት ሌሊት ዐደሩ። ከዚያም በፋርጣ ወደሚገኘው ወደ እናቴ ቤት ሄዱ። እንዳጋጣሚ ሁለቱም ቤቶች በእድሳት ላይ ነበሩ። አጎቴ ብዙ ገንዘብ ከከፈሉበት ቤት አዝነው ወጡ፤ በጎረቤት መደብ ላይ ካደሩበት መንደር ግን መርቀው ተሰናበቱ።

«አንደኛው ዘመድ ነው፤ ሌላው ነጋዴ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ይህ መልስ አልበቃኝም። ዘመድም ቢሆን ክዳኑ ወደ ወረደ ቤት እንግዳውን ሳይነግር ቢያስገባ ያስቀይማል፤ ነጋዴም ቢሆን በእድሳት መካከል እንግዳውን አክብሮ መሸኘት ይችላል። ልዩነቱ ከሌላ ነገር የመጣ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ። ለዚሁ ሥራ በመንደራችን ያየሁትን ጻፍሁ፤ ሁለት ሽማግሎችንና አንድ አናጢ ጠየቅሁ፤ በሆቴሉም ከአጎቴ ጋር ስለ ነበርሁ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋገርሁ። የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ ዐሳቤ ሥርዐቱን ለመመርመር እንጂ ቤቱን ለመክሰስ አይደለምና።

2. በፋርጣ ደጋ ቤት እንዴት ይታደሳል?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ የፋርጣ ገጠርም ዙሪያዋን ከቦ ይገኛል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ክረምቱ ከባድ፣ ሌሊቱም ብርድ ስለ ሆነ የቤት ክዳን በዚህ አገር ከጌጥ የሚቆጠር አይደለም። ሰኔ ሳይገባ ያልተጠገነ ክዳን እስከ መስከረም ድረስ ቤተ ሰቡን ሲያንገላታ ይከርማል፤ በጎታ ያለውንም እህል ያበሰብሳል።

የቀድሞው ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ከእንጨት ይቆምና በማገር ይታሰራል፤ ከዚያም በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። በመካከል ምሰሶ ይቆማል፤ ክዳኑም ሰንበሌጥ ወይም ሌላ ረጅም ሣር ነው። ዛሬ የግድግዳው እንጨት አብዛኛው ባሕር ዛፍ ሲሆን በብዙ ቤት ላይ ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። በእናቴም ቤት የነበረው ሥራ ይኸው ነበር፤ የአሮጌውን ሣር አውርዶ ቆርቆሮ መምታትና ግድግዳውን እንደገና መምረግ።

የእድሳቱ ጊዜ በሦስት ነገር ይወሰናል። አንደኛ ዝናም መኖር የለበትም፤ ክዳኑ የወረደ ቤት አንድ ሌሊት ዝናም ቢመታው ግድግዳው ይናዳልና። ሁለተኛ መኸሩ ተሰብስቦ የሰው ጉልበት ማረፍ አለበት። ሦስተኛ በዓል መጠበቅ አለበት፤ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ከባድ ሥራ ስለማይሠራ ቀኑ የሚቆረጠው በእነዚህ መካከል ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት የቤት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከጥምቀት በኋላ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥር ጥምቀት የሚከበርበት፣ ሠርግ የሚበዛበትና መንገዱ የሚደርቅበት ወር ነው። ስለዚህ ቤት የሚፈርስበትና እንግዳ የሚመጣበት ወራት አንድ ነው ማለት ነው። በደጋችን እንግዳና እድሳት የሚጋጩት በባለቤቱ ቸልተኛነት ሳይሆን በአየሩ ጠባይ ነው። ልማዱም የተበጀው ይህ ግጭት እንደማይቀር በማወቅ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከዕቃ ነው። ሣሩ ሲነቀል ለዓመታት ከምድጃው ጢስ የተጠራቀመው ጥላሸት እንደ ጥቁር ዝናም ይወርዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ሌማቱ፣ ጋኑ፣ ልብሱና የመኝታው አጎዛ ሁሉ ወደ ጎረቤት ይጋዛል፤ ሊነሣ የማይችለው ጎታ በቆዳና በጆንያ ይሸፈናል። ምጣዱም ከጎረቤት ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እንጀራው የሚጋገረው እዚያ ነው። በማግሥቱ የደቦው ሰዎች ይመጣሉ። ደቦ ማለት ብዙ ሰው በአንድ ቀን ተሰብስቦ ከባድ ሥራ የሚፈጽምበት፣ ባለቤቱም ጠላና ምግብ የሚያቀርብበት ልማድ ነው። ወንፈል ግን ከዚህ ይለያል፤ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ቀን ነገ እኔ ለአንተ የምመልስበት፣ ቁጥሩ የታወቀ መረዳዳት ነው። ክዳን ማውረዱና ማልበሱ ብዙ ጊዜ በደቦ፣ ምርጊቱና ልስኑ ደግሞ በሴቶች ወንፈል ይሠራል። ምርጊቱ ካለቀ በኋላ ቤቱ ወዲያው አይገባበትም፤ ጭቃው እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ በርጥብ ግድግዳ መካከል ማደር በደጋ ብርድ ለጤና አይመችምና።

እንግዲህ በዚህ መካከል እንግዳ ቢመጣ ምን ይደረጋል? ሽማግሎቹ እንደ ነገሩኝ፣ ቤት ፈርሷል ብሎ እንግዳ መመለስ ነውር ነው፤ እንግዳን በፈረሰ ቤት ማሳደርም ነውር ነው። ከሁለቱ ነውሮች የሚያወጣው ጎረቤት ነው። እንግዳው የሚያድረው በጎረቤት ቤት ሲሆን ምግቡንና ቡናውን የሚያቀርበው ግን የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ጎረቤቲቱም ውለታ ዋልሁ አትልም፤ በሚመጣው ዓመት የእርሷ ክዳን ሲወርድ እንግዳዋን የምታሳድረው ይህችው ሴት ናት። ይህን የማደሪያ ወንፈል ብለው የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

እናቴ ለአጎቴ ስልክ የደወለችው ከሆቴሉ ሳይነሡ ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ቃሏ ይህን ያህል ነበር፦ «ወንድም ጋሼ፣ የቤቱ ክዳን ወርዷል፤ ጥላሸቱም ገና አልተጠረገም። ደቦው ማክሰኞ ያልቃል ብለውናል፤ ምርጊቱ ግን ይቆያል። ማደሪያዎ ከጎረቤት ተሰናድቷል። እራቱና ቡናው ከእኔው ዘንድ ነው፤ መምጣትዎን አያስቀሩ።»

ይህ አጭር ቃል ሲመረመር አራት ነገር ይገኝበታል። የፈረሰው ምን እንደ ሆነ ይናገራል። ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይናገራል። በምትኩ የተሰናዳውን ያመለክታል። ሳይጓደል የሚቀረውንም ያረጋግጣል። ለመቅረት ወይም ለማዘግየት የፈለገ እንግዳ ጊዜ አለው፤ የሚመጣም ምን እንደሚጠብቀው ዐውቆ ይመጣል።

3. ጎረቤት በሌለበት፦ የጣና ደሴቶች

ከጉና የሚነሣው የጉማራ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ በፎገራና በደራ ሜዳ አልፎ ወደ ጣና ይገባል። ከወንዙ አፍ አጠገብ የጣና ቂርቆስ ደሴት ይገኛል። የጣና ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በካርታ ሲታይ ደሴቶቹ የሐሩር ክልል ደሴቶች ናቸው። ሐይቁ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኑ ግን ሙቀቱን ያበርደዋል። ስለዚህ የሰው አሳብ ደሴትና ሐሩር ሲባል ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይሄዳል እንጂ ወደ ጣና አይመጣም።

በደሴቶቹ ላይ የቆዩ ገዳማት አሉ። ከእነዚህም ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የተቀበሩበት ሬማ መድኃኔ ዓለም፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይጠቀሳሉ። ገዳም ሆቴል እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ መነኮሳቱ የሚቀበሉት ለጸሎትና ለሱባኤ የሚመጣውን ነው። ነገር ግን ለጥያቄያችን የሚጠቅም አንድ ነገር ያሳዩናል። ይኸውም በደሴት ላይ ያለ ቤት ሲታደስ ችግሩ በደጋ ካለው የተለየ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ የሥራው ዕቃ ሁሉ በውኃ መምጣት አለበት። በቀድሞ ዘመን የሐይቁ መመላለሻ ወይጦዎች በሥራው የሚታወቁበት የደንገል ታንኳ ነበር፤ ይህ ታንኳ ዛሬም አልጠፋም። ከባዱን ጭነት ግን አሁን የሞተር ጀልባ ያመላልሰዋል። አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ከመኪና ወርዶ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወርዶ በትከሻ ወደ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ በየብስ ከሚሠራው ቤት ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቃል። አንድ ሚስማር ቢጎድል ሥራው አንድ ቀን ይቆማል። ስለዚህ በደሴት ላይ ያለ እድሳት ከታሰበለት ቀን ማለፉ የተለመደ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር በትንሽ ደሴት ላይ ጎረቤት አለመኖሩ ነው። በፋርጣ እንግዳው ከፈረሰው ቤት ወጥቶ ኻያ ርምጃ ቢሄድ ሌላ ምድጃ ያገኛል። በደሴት ግን ያለው ቤት እሱ ብቻ ነው። በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚበረታ፣ አርፍዶ የተሻገረ ሰው በዚያው ቀን ልመለስ ቢል ያስቸግረዋል። እንግዲህ በየብስ በጎረቤት የሚቃለለው ችግር በደሴት የሚቃለለው በምን ነው? ከመሻገር በፊት በሚነገር ቃል ብቻ ነው። በወደብ ላይ ያለ ጀልበኛ የጫነው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሆነ በደሴቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ተሳፋሪውም ሊጠይቀው የሚችለው በዚያ ነው። እግሩን ወደ ጀልባው ካስገባ በኋላ የሚሰማው ወሬ አይጠቅመውም።

4. በባሕር ማዶ ያሉ የደሴት ሆቴሎች

በዓለም ላይ የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ማልዲቭስ ነው። ይህ አገር በህንድ ውቅያኖስ ውስጥ 1200 ያህል ትንንሽ ደሴቶች ያሉበት ሲሆን የመጀመሪያው የመዝናኛ ሆቴል ኩሩምባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያ የተለመደው አሠራር አንድ ሆቴል አንድ ደሴት ብቻውን መያዙ ነው። መብራቱን በራሱ ጄኔሬተር ያመነጫል፤ የሚጠጣውን ውኃ ከባሕር ውኃ ጨው አውጥቶ ያዘጋጃል፤ ምግቡንም በመርከብ ያስመጣል። እንግዳው በፈጣን ጀልባ ወይም በባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ይደርሳል። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ የሚገዛውም በዋነኛነት ጸጥታና ብቸኝነት ነው።

እንዲህ ያለ ቤት እድሳት ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። የባሕር አየር ጨው ስላለበት ብረቱን ያዝገዋል፤ እርጥበቱና ፀሐዩ እንጨቱንና የዘንባባ ቅጠል ክዳኑን ያበላሸዋል። የሆቴሉ ባለቤት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ቤቱን ዘግቶ በአንድ ጊዜ ማደስ፣ ወይም እንግዳ እየተቀበለ በከፊል በከፊል ማደስ። ቢዘጋ ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን ገቢው ሲቋረጥ ወጪው አይቋረጥም፤ ጄኔሬተሩ፣ ጥበቃው፣ የባንኩ ዕዳና የሠራተኛው ደመወዝ ይቀጥላልና። በከፊል ቢያድስ ገቢው አይቋረጥም፤ ነገር ግን የመጋዙ ጩኸት፣ የቀለሙ ሽታና የጭነት ጀልባው መመላለስ ጸጥታ ሊገዛ የመጣውን እንግዳ ያውካል። ደሴቱ ትንሽ ስለ ሆነ ከጩኸቱ የሚሸሽበት ማዕዘን የለም። ከተማ ውስጥ ያለ ሆቴል እንግዳውን ወደ ማዶ ሆቴል ሊልከው ይችላል፤ በደሴት ያለ ግን አይችልም።

ከባዱ የእድሳት ሥራ ባመዛኙ እንግዳ ወደሚቀንስበት ወራት ይደረጋል። በማልዲቭስ ይህ ጊዜ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ዝናም የሚያመጣበት፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለው ነው። እዚህ ላይ ከደጋችን ጋር ያለው ልዩነት ይታያል። የእኛ አናጢ ዝናም ሳለ ክዳን ሊነካ አይችልም፤ የእነርሱ ግን በዝናሙ ወራት መሥራት ይገደዳል፤ ፀሐያማውን ወራት እንግዳው ገዝቶታልና።

ሕግም በዚህ ነገር ገብቶበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጥቅል ጉዞ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በተሸጠው አገልግሎት ዋና ጠባይ ላይ ትልቅ ለውጥ የሚደረግ ከሆነ አዘጋጁ ለተጓዡ ማስታወቅ አለበት፤ ተጓዡም ለውጡን ተቀብሎ መሄድ ወይም ያለ ቅጣት ውሉን መተው ይችላል። በአገራችንም ቢሆን ነገሩ ያለ ሕግ የቀረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማደሪያ የሚያከራይ ሰውና ተጓዥ ስለሚያደርጉት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የመዋኛው ውኃ መድረቁንና ግቢው መቆፈሩን አለመናገር ከዚህ ጋር እንደማይስማማ ግልጽ ነው።

5. በጣና ዳር ያሳለፍናቸው አራት ሌሊቶች

ወደ ሆቴሉ የደረስነው ከጥምቀት ሁለት ቀን በፊት ከቀትር በኋላ ነበር። ክፍያው አስቀድሞ ተፈጽሟል። በበሩ ላይ የአሸዋ ክምር ነበር። የመዋኛው ገንዳ ደርቆ ሰዎች ሸክላ ይነጥፉበታል። የምግብ አዳራሹ ተዘግቶ ገበታው ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ተዛውሯል። አጎቴ ቢጠይቁ «ነገ ያልቃል» አሏቸው። በነጋውም «ነገ» ተባለ።

መዶሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ሸክላ የሚቆርጠው መኪና ደግሞ ሲነሣ ነጭ አቧራው በመስኮቱ ይገባል። ሐይቁ ዳር መሆኑ ነገሩን አባሰው፤ በውኃው ላይ ድምፅ የሚያግድ ዛፍም ቤትም ስለሌለ ከግቢው ወጥተን በዳርቻው ብንሄድም ጩኸቱ ተከተለን። የእናቴ ስልክ የደረሰን በዚህ መካከል ነው። አጎቴ ቃሏን ለመስማት መስኮቱን መዝጋት ነበረባቸው።

በሁለተኛው ቀን ከግንበኞቹ አለቃ ጋር ተነጋገርሁ። እርሱም የደብረ ታቦር ሰው ነው። «እንግዳ መተኛቱን እናውቃለን» አለኝ፤ «ሰዓት ቢሰጡን ሰዓት እናከብር ነበር። ግን ቶሎ ጨርሱ ብቻ ነው የተባልነው።» ክፍላችንን የምታጸዳውን ልጅ ደግሞ ሥራው ለምን ተዘግቶ እንዳልተሠራ ጠየቅኋት። ፊቷ ተለወጠ። «ከተዘጋማ እኛ ወደ ቤታችን ነው የምንሄደው፤ ደመወዝ የለም» አለች። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን የምታስተምረው እርሷ መሆኗንም ነገረችኝ።

ይህን ለአጎቴ ነገርኋቸው። ገንዘባቸውን ለማስመለስ አስበው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ገንዘቡ አልተናገሩም። በመጨረሻው ቀን ለሥራ አስኪያጁ የተናገሩት ይህን ነው፦ «መዶሻማ በእኅቴም ቤት አለ። ብትነግሩኝ ኖሮ አስቀድሜ ወደ እርሷ ሄጄ ወደዚህ በኋላ እመጣ ነበር። የምትነግሩኝ ሰው ያለ አልመሰላችሁም።» ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠይቆ ቢነግር እንግዳው ይቀርብናል ብሎ እንደ ፈራ ተናዘዘ።

በፋርጣ ያገኘነው ሥራ በጩኸት ከዚህ የሚያንስ አልነበረም። ቆርቆሮ ሲመታ ከሸክላ መቁረጫው አይሻልም። አጎቴ ግን በጎረቤት ቤት በመደብ ላይ ዐድረው፣ ጧት የደቦውን ሰዎች ሰላም ብለው፣ እንግዳ ነዎትና ይቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለው ሚስማር ሲያቀብሉ ዋሉ።

6. ከማነጻጸሪያው የሚገኘው ትምህርት

ሦስቱን ቦታዎች አሰልፈን ብናይ በደጋ መንደር ለእንግዳው ሁለት መጠበቂያ አለው፤ አንደኛው ቀድሞ የሚላክ ቃል፣ ሁለተኛው የጎረቤት ቤት ነው። ቃሉ ቢዘገይ እንኳ ጎረቤት ያድነዋል። በደሴት ግን ጎረቤቱ ስለሌለ የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው። የመዝናኛ ሆቴልም፣ በደሴት ላይ ይሁን በሐይቅ ዳር፣ በዚህ ረገድ እንደ ደሴት ነው። እንግዳው ከሩቅ መጥቷል፤ ገንዘቡን ከፍሏል፤ የዕረፍቱ ቀኖች የተቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከገበሬው ይልቅ ቃል አስቀድሞ መላክ የሚገባው ባለ ሆቴሉ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱም እናቴ ብትናገር የምታጣው ነገር የላትም፤ ባለ ሆቴሉ ግን ገቢ እንዳያጣ ይሰጋል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሳይነገረው የመጣ እንግዳ ሁለተኛ አይመጣም፤ ለሌሎችም ይናገራል። ተነግሮት በቅናሽ ዋጋ የመጣ ግን የሚያማርርበት ነገር ያነሰ ነው።

ይህ ነገር ለአካባቢያችን ትንሽ ጉዳይ አይደለም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ገበታ ለሀገር በተባለው ፕሮጀክት በሐይቁ ሰሜን ያለው ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ለመዝናኛ ልማት ተመርጧል። በሌላ በኩል በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2013 በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት የእንግዳውን መንገድ አጥብቦታል። ገቢ ያጣ ቤት እድሳቱን ያቆያል። እንግዳው በተመለሰ ጊዜ ብዙ ቤት በአንድነት መታደስ ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜም ዘግቶ ለማደስ አቅም ያለው ጥቂት ይሆናል። እድሳትና እንግዳ በአንድ ግቢ መገናኘታቸው ስለማይቀር ሥርዐቱን ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

ሀ) ወራቱን መለየት። በጣና ዳር እንግዳ የሚበዛው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው። ክዳን፣ ቁፋሮ፣ የገንዳና የውጭ ግንብ ሥራ ከጥምቀት በኋላ እስከ ግንቦት ቢሠራ ዝናሙም እንግዳውም አይነካውም። የውስጥ ሥራ፣ እንደ ውኃ መሥመር፣ እንደ ኤሌክትሪክና እንደ አልጋና ቁም ሣጥን ያለው፣ እንግዳ በሚቀንስበት በክረምት ሊሠራ ይችላል። ቀለምና ምርጊት ግን በክረምት ለመድረቅ ስለሚዘገይ ለበጋ መተው ይሻላል።

ለ) ቦታውን መክፈል። የሚታደሰው ወገን ከሚታደርበት በአጥር ይለይ፤ የጭነቱ መግቢያም ከእንግዳው መግቢያ የተለየ ይሁን። በመካከሉ አንድ ረድፍ ክፍል ባዶ ቢቀር ጩኸቱንና አቧራውን ይቀንሳል።

ሐ) ሰዓት መቁረጥ። ለግንበኛው የታወቀ ሰዓት ቢሰጠው ያከብራል፤ ይህን የነገረኝ ግንበኛው ራሱ ነው። የእንቅልፍና የምሳ ሰዓት ከመዶሻ ነጻ ቢሆን ሥራው በጥቂት ቀን ቢዘገይ እንጂ አይጎዳም።

መ) አራቱን ቃል መናገር። ገንዘብ ከመቀበል በፊት የፈረሰው ምን እንደ ሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ በምትኩ ምን እንደ ተሰናዳ፣ ሳይጓደል የሚቀረው ምን እንደ ሆነ ለእንግዳው ይነገረው። በዋጋውም ላይ የሚገባው ቅናሽ ይደረግ። «ነገ ያልቃል» ማለት ከአራቱ አንዱንም አይተካም።

ሠ) እንግዳውም የራሱ ድርሻ አለው። ከመክፈሉ በፊት በግቢው ውስጥ ሥራ መኖር አለመኖሩን በግልጽ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ተነግሮት ከመጣ በኋላ ደግሞ በመዶሻው ድምፅ ሠራተኛውን አይቆጣ፤ ከዚያ ድምፅ በስተጀርባ ቤቱ ቢዘጋ ደመወዟ የሚቀርባት ልጅ አለችና።

7. መደምደሚያ

በእድሳት ላይ ያለ ቤት እንግዳ መቀበል አይችልም ማለት ስሕተት መሆኑን የፋርጣ መንደር ያሳየናል። እንግዳን የሚያስቀይመው ከፈረሰው ቤት ይልቅ ሳይነገረው መቅረቱ ነው። ጎረቤት ባለበት ቦታ ይህ ጥፋት ሊታረም ይችላል፤ በደሴትና እንደ ደሴት በሆነ ቤት ግን አይታረምም። ስለዚህ ቃሉ ከጀልባው መቅደም አለበት።

አጎቴ ተመልሰው ከመሄዳቸው በፊት የእናቴ ቤት ምርጊቱ ደርቆ ስለ ነበር የመጨረሻዋን ሌሊት በዚያ ዐደሩ። ሊሄዱ ሲሉ ለሚመጣው ዓመት ጎረቤታችን ክዳን እንደምታወርድ ሰሙ። እናቴንም ቀኑ ሲቆረጥ እንድትነግራቸው ዐደራ አሏት፤ የዚያች ሴት እንግዳ በዚህ ቤት ሲያድር ለማየት።